ከተራ ወታደርነት ወደ መኮንንነት፦ መሻገሪያው ለማን ክፍት ነው?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በሚገኝ አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከትምህርት ቤት የመጣችሁ ልጆቼም፤

ዛሬ የምናገርበትን ጉዳይ የመረጡልኝ አንዲት የሰፈሬ እናት ናቸው። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም፤ ከጓደኞቹ ጋር ለውትድርና ሊመዘገብ መቁረጡንም ነግሯቸዋል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ «መቶ አለቃ፣ እርስዎ ከተራ ወታደርነት ተነሥተው ነው መኮንን የሆኑት ይባላል፤ የእኔ ልጅ ቢገባ እንደ እርስዎ ይሾማል ወይስ ጠመንጃ እንደ ተሸከመ ይቀራል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረምና ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ዛሬ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

የእኔ እምነት ይህ ነው። አንድ ሠራዊት የሕዝብ መሆን አለመሆኑ ከሚታወቅባቸው ነገሮች ዋነኛው፣ ከበታች ሹምነት፣ ማለትም ከአስር አለቃና ከሃምሳ አለቃ ማዕረግ፣ ወደ መኮንንነት የሚያሻግረው መንገድ ክፍት፣ በጽሑፍ የታወቀና ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው። መንገዱ ደግሞ የሚጀምረው ማዕረግ በሚሰጥበት ሰልፍ ላይ ሳይሆን ምልምሉ ስሙን በሚያስመዘግብበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በበሩ ያላስገባኸውን ሰው ከዓመታት በኋላ ልትሾመው አትችልምና።

ከማዕረጎቹ ስም ልጀምር። ሐይቁን በስተምሥራቅ ዞረን ስንወጣ የምናገኛት ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ እያንዳንዱ ባላባት የራሱን ጭፍራ ይዞ የሚመጣበትን ልማድ ለመለወጥ፣ ከተለያየ አገር የመጣውን ወታደር በአንድ ላይ ቀላቅለው አዲስ የአዛዥነት ተዋረድ ዘረጉ። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ የሺ አለቃ የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን ሥርዓት የተወረሱ ናቸው፤ ሻለቃ የምንለውም የሺ አለቃ አጥሮ ነው። ዛሬ የመቶ አዛዥ የሚመራው ከመቶ ሰው በጣም ያነሰ ነው፣ ሻለቃውም ሺ ሰው አይሞላለትም። ስሙ ግን አንድ እውነት ይዞልን ቆይቷል። የማዕረጉ መለኪያ የሰው ቁጥር ነው፤ ማለትም በእጅህ የተሰጠህ ነፍስ ስንት ነው የሚል ነው። በወርቅ፣ በርስት ወይም በዘር ሐረግ የተሰየመ ማዕረግ አይደለም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል።

በጥንቱ ዘመን ዝቅተኛ ሰው አይሾምም ነበር የሚል አባባል እሰማለሁ፤ ልክ አይደለም። ራስ አሉላ ተምቤን ውስጥ ከገበሬ ቤት ተወልደው የዐፄ ዮሐንስ ታላቅ የጦር መሪ ሆነዋል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጦርነት ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የመጡ ሰው ነበሩ፤ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ያዙ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልለቀቁትም። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በልጅነታቸው የተማረኩ ናቸው፣ ዐድዋ ላይም በመድፈኛነታቸው ስማቸው ይነሣል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የወጡበት መሰላል አንድ ዓይነት ነበር፤ የጌታ ዓይን። ጌታው ያየው ይነሣል፣ ጌታው ያላየው የቱንም ያህል ቢታገል ጭፍራ ሆኖ ያረጃል። አስተዋይ ንጉሥ ሲኖር ሀብተ ጊዮርጊስ ይገኛል። አስተዋይነት ግን ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው የሚወረስ ነገር አይደለም፤ ለዚህ ነው ትምህርት ቤትና ደንብ ያስፈለገው።

የመጀመሪያው የመኮንኖች ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ገነት ላይ በስዊድን መኮንኖች እጅ ተከፈተ። አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ነበሩ። ከዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡት እጩ መኮንኖች ኮርሳቸውን ሳይጨርሱ የኢጣሊያ ወረራ ደረሰባቸውና ከመካከላቸው ብዙዎቹ በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ በአርበኝነት ተሰለፉ። ከነፃነት በኋላ ሆለታ እንደገና ሲቋቋም ጠባዩ ተለወጠ። በአብዛኛው በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገሉ ባለሌላ ማዕረግተኞች፣ ማለትም ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት፣ እየተመረጡ፣ በአጭር ኮርስ ሠልጥነው ምክትል መቶ አለቃ የሚሆኑበት በር ሆነ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ በህንድ መኮንኖች መምህርነት ተከፈተ፤ እዚያ የሚገቡት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ወጣቶች ሲሆኑ ኮርሱም 3 ዓመት ነበር።

ሁለት በር መኖሩ በራሱ ጥፋት አልነበረም። አካዳሚው ሠራዊቱን ዕውቀት ሰጥቶታል፤ ሆለታ ደግሞ ወታደሩን በአጥንቱ የሚያውቅ መኮንን ሰጥቶታል። ችግሩ ሁለቱ በሮች እርስ በርሳቸው አለመገናኘታቸው ነው። የሐረር ምሩቅ የሆለታውን ያልተማረ አድርጎ ያያል፤ የሆለታው የሐረሩን ጫካ ያላደረ የከተማ ልጅ ይለዋል። ሁለቱም እውነት የያዘ ነቀፋ ስለነበራቸው ቁስሉ ጥልቅ ሆነ። ከሁለቱም በታች ግን ማንም የማይጠይቀው፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ የበታች ሹም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የ1966ቱን ታሪክ ሲያወራ ተማሪውንና የታክሲ ነጂውን ያነሣና ወታደሩን መጨረሻ ላይ ያስገባዋል። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር አመፀ። ጥያቄው ርእዮተ ዓለም አልነበረም፤ ቀለቡ የሚበላ አልነበረም፣ የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ የሚጠቀሙበት ጉድጓድ በአጠገባቸው እያለ ወታደሩ ከዚያ እንዳይቀዳ ተከለከለ። ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን አሰሩ። ነገሩን እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጀነራልም ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉና እነርሱ የሚጠጡትን ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። በየካቲት ወር አሥመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተከተለ፤ እዚያም ግንባር ቀደሞቹ የበታች ሹማምንትና ተራ ወታደሮች ነበሩ። ሰኔ ላይ የተሰበሰበው ደርግ ከየክፍሉ የተወከሉ ሰዎች ስብስብ ሲሆን ማዕረጋቸው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ብቻ ነበር። ከሻለቃ በላይ አልፈለጉም። በመጨረሻ ሥልጣኑን ጠቅልለው የያዙት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የሆለታ ምሩቅ ናቸው።

በተራ ወታደሩና በመኮንኑ መካከል የቆመው ግንብ ውሃ እንኳ የማያሳልፍ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ያ ዓመት አሳይቶናል። ግንቡ በአንድ ጊዜ ሲፈርስ ደግሞ ከሥሩ ብዙ ሰው ይቀበራል። ያንን የቀብር ዘመን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዝርዝር አልሄድበትም።

አሁን ስለራሴ እንድናገር ፍቀዱልኝ። የተወለድሁት ዘጌ ነው፤ አባቴ ቡና ለቃሚ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ሁሉ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል የሚያዝ ነበር። አዋጁ በወረቀት ላይ ዕድሜ ነበረው፤ በኋላ በየገበያው በተደረገው አፈሳ ግን ዕድሜም ሆነ ፈቃድ የሚጠይቅ ጠፋ። በእኛ አካባቢ ወላጆች ልጆቻቸውን በታንኳ ወደ ደሴቶቹ ያሸሹ ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ በፈቃዴ የገባሁ በመሆኔ ዕድለኛ ነኝ እላለሁ። በፈቃዱ የገባና ታፍሶ የመጣ ሰው አንድ ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ አይቻለሁና ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ታፍሶ የመጣው ልጅ ዓይኑ በር በሩን ሲያይ ያድራል፤ እርሱን አስር አለቃ ለማድረግ ማንም አያስብም፣ እርሱም አይመኝም። ሠራዊቱ በግድ በሞላ ቁጥር ነገ የሚሾም ሰው እየጎደለው ይሄዳል የምለው ለዚህ ነው።

የክፍላችን ሃምሳ አለቃ ከእኔ በ15 ዓመት ያህል የሚበልጥ፣ ከተራ ወታደርነት የተነሣ ሰው ነበር። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን እየተንተባተበ ያነብባል፤ ስሙንም በትልልቅ ፊደል ይፈርማል። ነገር ግን ማን ሌሊት ዘብ ላይ እንደሚያንቀላፋ፣ ማን ከቤቱ ደብዳቤ ሲቀርበት እንደሚከፋ፣ የማን ጫማ ውሃ እንደሚያስገባ ሳይጽፍ ያውቃል። ተኩስ ሲከፈት ድምፁ አይለወጥም። እኔን ወታደር ያደረገኝ እርሱ ነው።

በ1979 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት በሰልፍ ላይ የሆለታ እጩ መኮንኖች ማስታወቂያ ተነበበ፤ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀ ይላል። ሃምሳ አለቃው ከፊት ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፋ፤ ወዲያው ቀና አለና እንደ ወትሮው ቆመ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሻምበሉ ሄዶ ስለ እኔ መሰከረ። «ይህ ልጅ ይሂድ፤ ይመለስልናል» ማለቱን የነገረኝ የሻምበሉ ጸሐፊ ነው። እኔ ያን ጊዜ አስር አለቃ ነበርሁ።

ኮርሱን ጨርሼ ተመለስሁ፤ ምድቤም እዚያው የቀድሞ ክፍሌ ሆነ፣ አዛዡ ሆንሁ ማለት ነው። ሃምሳ አለቃው ተረከዙን አጋጥሞ ሰላምታ ሰጠኝና «ጓድ ምክትል መቶ አለቃ» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ማታ ብቻችንን ስንሆን «ጋሼ» አልሁት። «በሰው ፊት እንዳትለኝ፤ ለልጆቹ ጥሩ አይደለም» አለኝ። ከሆለታ ትምህርት ሁሉ ያቺ ዓረፍተ ነገር በለጠችብኝ። ሥልጣኔን ያቆመልኝ ትከሻዬ ላይ ያለው ኮከብ ሳይሆን የእርሱ ፈቃድ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ካርታ ዘርግቼ ጦሩ የሚሠፍርበትን ቦታ ስመርጥ፣ በካርታው ላይ ወንዝ የሚመስል ሰማያዊ መስመር አገኘሁና በአጠገቡ እንድንሠፍር ልወስን ነበር። እርሱ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ ተከተለና፣ «ይህ በግንቦት ይደርቃል» አለ። በዚያ አገር ሁለት ዓመት አድሮበታልና አልተሳሳተም። ሌላ ቦታ መረጥን። በዚያ ክረምት ማታ ማታ በፋኖስ ካርታ ማንበብ አስተማርሁት፤ የከፍታ መስመሮቹን ከተረዳ በኋላ ከእኔ ይልቅ ፈጥኖ ጋራውንና ሸለቆውን በዓይነ ልቦናው ያይ ጀመር። ማሠልጠን ይቻል ነበር ማለት ነው። የጎደለው ሰው አልነበረም፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን ኮርስ ነው። ለኮርስ ይላክ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ የጻፍሁለት የድጋፍ ደብዳቤ «የትምህርት ማስረጃ አልተያያዘም» ተብሎ ሲመለስልኝ የተሰማኝን ቁጭት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በማኅደሩ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ማዕረግ ያው ሃምሳ አለቃ ነበር።

ከእኔ አፍ ይህን የሰማ ሰው፣ እንግዲያው ትምህርት አያስፈልግም፣ ጀግንነት ይበቃል ይል ይሆናል። እንደዚያ አላልሁም። የመኮንን ሥራ ከበታች ሹም ሥራ የተለየ ነው፣ ልዩነቱም የደመወዝ ብቻ አይደለም። ቀላሉን ልንገራችሁ። 30 ሰው የያዘ የመቶ አዛዥ ውሃ በሌለበት አገር 3 ቀን ሊቆይ ነው እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢያስብ 450 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 23 ጀሪካን ነው፤ አንዲት አህያ 2 ብትጭን 12 አህያ ማለት ነው፤ አህዮቹም ይጠጣሉ። ይህን ስሌት ከመነሣቱ በፊት ያልሠራ መኮንን ጀግና ቢሆን ወታደሩን በጥም ይጨርሰዋል። ትእዛዝ ሲጽፍም የጠላትና የወገን ሁኔታ፣ ተልእኮው፣ አፈጻጸሙ፣ ስንቅና ትጥቁ፣ ማን ማንን እንደሚተካና በሬዲዮ እንዴት እንደሚገናኙ በቅደም ተከተል ማስፈር አለበት፤ አንዱን ቢዘነጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። በዚህ ላይ የጦርነት ሕግ አለ። የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች ስለ ቁስለኛ፣ ስለ ምርኮኛና ስለ ሰላማዊ ሰው የሚያዙትን መኮንኑ ካላወቀ ወታደሩ ከየት ያውቃል? እርጅና ብቻውን፣ ጉብዝናም ብቻውን ለመኮንንነት አይበቃም። ኒሻን ለጀግንነት ይሰጥ፤ ማዕረግ ግን ለሚመጣው ሥራ እንጂ ላለፈው ውለታ ማካካሻ መሆን የለበትም።

ሌሎችም አገሮች በዚሁ ጉዳይ ተፈትነዋል። በፈረንሳይ በ1781 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ መኮንን ለመሆን አራት ትውልድ መኳንንት መቁጠርን ይጠይቅ ነበር፤ የበርሜል ሠሪው ልጅ ሚሼል ኔይ በተራ ወታደርነት የገባው ከዚያ ደንብ በኋላ በ1787 ሲሆን፣ አብዮቱ ደንቡን ስላፈረሰው በ1804 ማርሻል ሆነ። በእንግሊዝ ዊልያም ሮበርትሰን በ1877 እ.ኤ.አ. ተራ ፈረሰኛ ሆኖ ሲገባ እናቱ በወታደር ቀይ ኮት ከማይህ ብቀብርህ ይሻለኛል ብላ ጽፋለት ነበር። ያ ልጅ በ1920 ፊልድ ማርሻል ሆነ፤ በዚያ ሠራዊት ከተራ ወታደርነት እስከዚያ ማዕረግ የደረሰ እርሱ ብቻ ነው። መኮንን ከሆነ በኋላም ደሞዙ ለመኮንኖች ገበታ ወጪ ስለማይበቃ ውሃ እየጠጣ ይቀመጥ፣ ህንድ አገር ቋንቋ እየተማረ የአስተርጓሚነት ፈተና ላለፈ መኮንን በሚሰጠው ገንዘብ ገቢውን ይደጉም ነበር። በር መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ የገባው ሰው በልቶ የሚያድርበት ደሞዝም ያስፈልጋል። እስራኤላውያን ደግሞ ከሁሉም የተለየ መንገድ ይዘዋል፤ እጩ መኮንን የሚመረጠው መጀመሪያ ተራ ወታደር ሆኖ ካገለገሉት መካከል ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ነገ የሚያዝዘው ሰው ቢያንስ አንድ ክረምት ዘብ ቆሞ ይደር።

ለእኛ የሚቀረን ጉዳይ ለኮርስ የሚያሳጨው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ማን ለኮርስ እንደሚሄድ የሚወስነው በተግባር የቅርብ አዛዡ ነው፤ ያ አዛዥ የወንዙን ልጅ፣ የዘመዱን ልጅ ወይም ሻንጣ ተሸካሚውን ቢመርጥ ደንቡ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔሮች፣ የብሔረሰቦችና የሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲኖረው ያዝዛል። ይህ ሚዛን በምልምሎች ቁጥር ላይ ብቻ ቢፈጸምና በመኮንኖች ሰልፍ ላይ ባይታይ ትርጉም የለውም። ስለዚህ መስፈርቱ በሰልፍ ላይ በጩኸት ከሚነበብ ይልቅ በየክፍሉ ተለጥፎ ይታይ፤ ያልተመረጠው ወታደር ለምን እንዳልተመረጠ በጽሑፍ ይነገረው፤ ፊደል ያጣውን ሃምሳ አለቃ በማታ ትምህርት አብቅቶ ለኮርስ የሚያደርስ መንገድም ይዘርጋለት። አንድ የበታች ሹም እዚያው ማዕረግ ላይ መቆየትን ቢመርጥ ደግሞ ያ ራሱ ክብር ያለው ሙያ ሆኖ ደሞዙ ይደግ። ሁሉም መኮንን ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ጎበዝ ሃምሳ አለቃ የሌለው ሠራዊት አከርካሪ የሌለው ነው።

እናቴ፣ ወደ እርስዎ ጥያቄ ልመለስ። ልጅዎ ይሾማል ወይ ላሉኝ፣ በቃሌ ልሰጥዎ የምችለው ማረጋገጫ የለም። ግን ከመመዝገቡ በፊት አብረውት ይሂዱና የአገልግሎቱ ዘመን ስንት እንደሆነ፣ ቢቆስል ወይም ቢሞት ለቤተ ሰቡ ምን እንደሚደረግ፣ ለኮርስ የሚያበቃው መስፈርት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያሳዩኝ ይበሉ። ዕድሜው 18 ካልሞላ ማንም ቢያባብለው ወደ ቤት ይመልሱት። ደርሶ፣ በፈቃዱ ከሄደም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃውን ቅጂውን ብቻ ይስጥ፤ ዋናው እርስዎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የእኔ ዋና ማስረጃ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር ከማኅደሬ ወጥቶ ጠፍቶ ነበርና፣ ለሆለታ ከመመረጤ በፊት የነበረውን ኮርስ እርሱን ስጠብቅ አምልጦኛል።